ስለ ራሱ የሚመሰክር ዳታቤዝ

የአንድን መሥሪያ ቤት ዳታቤዝ የሠራው ባለሙያ ምንም ሰነድ ሳይተው ሥራውን ለቆ ሄደ እንበል። የተረከበው ሰው ስንት ሠንጠረዦች እንዳሉ፣ የየዓምዱ ስምና ዓይነት ምን እንደሆነ አያውቅም። ማንን ይጠይቅ? ዳታቤዙን ራሱን።

ይህ በአጋጣሚ የተገኘ ምቾት አይደለም። የሪሌሽናል ዳታቤዝን ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ በ1985 ባወጣቸው ደንቦች በአራተኛው ላይ፣ የዳታቤዙ ገለጻ እንደ ማንኛውም መረጃ በሠንጠረዥ መልክ መቀመጥና በዚያው ቋንቋ መጠየቅ እንዳለበት ደንግጓል። በ1992 የወጣው የኤስኪውኤል ስታንዳርድም ይህን መዝገብ «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» በሚል ስም አካትቶታል። ስለዚህ የተማሪዎችን ውጤት የምንጠይቅበት የ«ሰሌክት» ትእዛዝ፣ «ኮለምንስ» ከተባለው የመዝገቡ ክፍል የዓምዶችን ስም፣ ዓይነትና ተራ ያመጣልናል። ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ይህን ይከተላሉ፤ ኦራክል ግን የራሱ መዝገብ አለው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያነሣል። የሠንጠረዦች ገለጻ በሠንጠረዥ ከተቀመጠ፣ የዚያ ሠንጠረዥ ገለጻስ የት ይቀመጣል? በፖስትግሬስ ሠንጠረዦች ሁሉ የሚመዘገቡበት «ፒጂ ክላስ» ስለ ራሱም አንድ ረድፍ ይዟል። ነገር ግን ያን ረድፍ ለማንበብ የሠንጠረዡን ቅርጽ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል! በእጅ ስልኮቻችን ውስጥ በሚሠራው ኤስኪውኤላይት መፍትሔው ግልጽ ሆኖ ይታያል። የመዝገቡ ሠንጠረዥ ምንጊዜም ከፋይሉ አንደኛ ገጽ ይጀምራል፤ አምስቱ ዓምዶቹም በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድመው ተወስነዋል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች መነሻ ሁኔታ የምንለው ዓይነት ነው፤ ከእኩልታው አይገኝም፣ ከውጭ ይሰጣል።

ሁለቱ በሌላም ይለያያሉ። ኤስኪውኤላይት ሠንጠረዡ የተፈጠረበትን ትእዛዝ በጽሑፍነቱ ያስቀምጣል። ፖስትግሬስ ግን ትእዛዙን ወደ ረድፎች በትኖ ጽሑፉን ይጥለዋል፤ «ፒጂ ደምፕ» የተባለው መሣሪያ ከረድፎቹ እንደገና ይገነባዋል። በመሆኑም ሠሪው በትእዛዙ መሐል የጻፈው ማስታወሻ በአንደኛው ይተርፋል፣ በሌላው ይጠፋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መዝገቡ አንድ ዓምድ የአስርዮሽ ቁጥር እንደሚይዝ ይናገራል፤ ቁጥሩ በኒውተን ይሁን በፓውንድ ግን አይናገርም። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ1999 የጠፋችው በእነዚሁ የኃይል አሃዶች መምታታት ነበር። በፖስትግሬስ «ኮሜንት» የተባለው ትእዛዝ አሃዱን ከዓምዱ ጋር በመዝገቡ ውስጥ ያኖራል፤ አንድ መስመር ብቻ ይበቃዋል።