በቆሎ ሳይዘሩ የበቆሎ ቼክ

በኢንተርስቴት 80 አዮዋን አቋርጣችሁ ጭነት የምታመላልሱ ወገኖች፣ መንግሥት ለዚህ ሁሉ በቆሎ ይከፍላል ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እውነት ነው፣ ይከፍላል። እንዴት እንደሚከፍል ግን በየካውንቲው ካለው የእርሻ ቢሮ መስኮት ወዲህ የምንቀመጥ ሰዎች ካልነገርናችሁ ማንም አይነግራችሁም። ጠጋ በሉ። ከማን ሰማችሁ ብትባሉ እኔ የለሁበትም።

ክፍያው መሬት ላይ ላለው በቆሎ አይደለም፤ መዝገብ ላይ ላለው ነው። ለእያንዳንዱ እርሻ «ቤዝ ኤከር» የሚባል ቁጥር ተመዝግቦለታል፤ ከዓመታት በፊት በዚያ ማሳ ምን ይዘራ እንደነበር የሚያሳይ ነው። ሂሳቡ የሚሠራው በዚያ ቁጥር 85 በመቶ ላይ ነው። ባለቤቱ ዘንድሮ አኩሪ አተር ቢዘራበትም የበቆሎው ሂሳብ አይነካም። በ2006 ዋሽንግተን ፖስት ጭራሽ ለማያርሱ ሰዎች ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ መከፈሉን ሲጽፍ አገር ጉድ አለ፤ ቴክሳስ ውስጥ በቀድሞ የሩዝ ማሳ ላይ ቤት ሠርተው የሩዝ ክፍያ የሚቀበሉ ነበሩ። ያ ዓይነቱ ክፍያ በ2014 ሕግ ቀረ። ቤዙ ግን አልቀረም።

ያው ሕግ ሁለት በር ከፈተ። አንደኛው ዋጋን ይጠብቃል፦ ለበቆሎ በቡሼል 3.70 ዶላር ወለል ተቀመጠለት፣ በ2025 ወደ 4.10 ከፍ አለ፤ የገበያው አማካይ ዋጋ ከዚያ ሲወርድ መንግሥት ልዩነቱን ይሞላል። ሁለተኛው ገቢን ይጠብቃል፤ ዋጋው የአገር፣ ምርቱ የካውንቲ ነው። የጠጠር መንገድ ሁለት ካውንቲ በሚለይበት ቦታ፣ ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ዘንቦ፣ ወዲህ ያለው ቼክ ሲቀበል ወዲያ ያለው ባዶ እጁን የሚቀርበት ዓመት አለ። ለወዲያኛው ይህን ማስረዳት የመሰለ ፈተና የለም።

ገበሬው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በማርች 15 ይዘጋል። ዋጋው የሚታወቀው ግን ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ገበሬው በጨለማ ይመርጣል ማለት ነው። ኮንግረስም ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል፣ ለ2025 ሰብል ብቻ ከሁለቱ የሚበልጠው ይሰጣችሁ ያለው።

ጣሪያ የለውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለው፤ ለአንድ ሰው በዓመት 125,000 ዶላር ነበር፣ በ2025 ወደ 155,000 ከፍ አለ። ነገሩ ያለው «ለአንድ ሰው» በምትለዋ ላይ ነው። የቤተሰብ እርሻ በሽርክና ሲመዘገብ ብቁ የሆነው ሸሪክ ሁሉ የየራሱ ጣሪያ አለው። በ2018 ሕጉ የወንድምና የእህት ልጆችን፣ የአጎትና የአክስት ልጆችንም በቤተሰብ ውስጥ ቆጠራቸው። ትራክተር ላይ መውጣትም ግዴታ አይደለም፤ «አመራር» መስጠት ይበቃል። አመራሩ ከከተማ በስልክ ሲሰጥ ያየ ሰው ፈገግ ብሎ ማኅተሙን ይመታል፤ ሕጋዊ ነዋ።

ብቁ የሆነውንና ያልሆነውን የሚለየው ደግሞ ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጡት የካውንቲ ኮሚቴ ነው፤ አባላቱ ከ3 እስከ 11 ናቸው። ጎረቤት የጎረቤቱን ማመልከቻ ያያል። ሲጋጩ ብዙም አይታይም፤ ነገ እነሱም ማመልከቻ አላቸው።

መሬት ላራሹ ሲባል የሰማ ሰው ግን ይበልጥ የሚገርመው ገንዘቡ መጨረሻ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አዮዋ ውስጥ ከሚታረሰው መሬት ግማሽ ያህሉ የኪራይ ነው። ኪራዩ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ቼኩ የሚጻፈው በአራሹ ስም ነው፤ ባለመሬቱ በሕግ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። እሱ ግን ከተማ ቁጭ ብሎ የገበያውን ዋጋ እንደማንኛውም ሰው ይከታተላል። በግዛቲቱ ሕግ ለሚቀጥለው ዓመት ውሉን ማቋረጥ የፈለገ እስከ ሴፕቴምበር 1 ማስታወቅ አለበት፤ ቼኩ የሚወጣው ከኦክቶበር ጀምሮ ነው። ስለዚህ በኦገስት መጨረሻ የአራሹ ስልክ ይጮኻል፤ ባለመሬቱ ስለ ጤናውና ስለ ልጆቹ ከጠየቀ በኋላ ኪራዩ በኤከር ስንት እንዲጨመር እንደሚፈልግ ይነግረዋል።