ስለ አውቶሞቢል አላርምና ኢሞቢላይዘር አመራረጥ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው የአገራችን ተረት ለአውቶሞቢል አላርምም በሚገባ ይስማማል። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ባለመኪና ከአላርምና ከኢሞቢላይዘር የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባው ለማስረዳት እንሞክራለን። በአንዲት አሮጌ መኪና የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ በሚገኝበት አገር፣ የመኪናዋ መጥፋት የኑሮ መፍረስ ስለ ሆነ ጉዳዩ እንደ ቀላል ሊታይ አይገባም።

የሁለቱ መሣሪያዎች ሥራ የተለያየ ነው። አላርም በር ሲከፈት ወይም መኪናው ሲነቀነቅ ይጮኻል፤ ጥቅሙም ሰምቶ የሚደርስ ሰው በመኖሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ኢሞቢላይዘር ግን ሳይጮኽ ሞተሩ እንዳይነሣ ይከለክላል። በፋብሪካ የተገጠመው ዐይነት በቁልፉ እጀታ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቺፕ ይጠይቃል፤ የምትመልሰው ምስጢራዊ ቁጥር ትክክል ካልሆነ የሞተሩ ኮምፒዩተር ሞተሩ እንዲሠራ አይፈቅድም።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም በግልጽ የታየበት ምሳሌ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 እና በ2022 በአሜሪካ የኪያና የሂዩንዳይ መኪናዎች ስርቆት እጅግ በዛ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ያለ ኢሞቢላይዘር የተሸጡ ነበሩ። በጎረቤቷ በካናዳ ግን ከ2007 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪናዎች መሣሪያው በሕግ የታዘዘ በመሆኑ፣ ይህ ዐይነቱ ስርቆት እንደዚያ አልተስፋፋም።

እንግዲህ መሣሪያው ላልተገጠመላቸው አሮጌ መኪናዎች ምን ይደረግ? ርካሹ መንገድ፣ አንድን የኤሌክትሪክ መስመር በሪሌና በተሰወረ ማብሪያ ማጥፊያ ማቋረጥ ነው። የሞተሪኖውን መስመር ብቻ ማቋረጥ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንደ አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ፣ በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ያለ ሞተሪኖ ተገፍቶ ይነሣል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ቤንዚን ፓምፕ ላለው መኪና የፓምፑን፣ ለሌለው ደግሞ ለካንዴላ ብልጭታ የሚሰጠውን መስመር ማቋረጥ ይሻላል። ናፍጣ ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ስለማይሠራ፣ ናፍጣውን የሚዘጋው የኤሌክትሪክ መሣሪያ መስመር ይመረጣል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። መኪናው በመሄድ ላይ ሳለ ሞተሩን በርቀት የሚያጠፋ ርካሽ መሣሪያ መግዛት አይገባም። ሞተሩ ሲጠፋ የመሪውና የፍሬኑ ረዳት ኀይል ስለሚቀር፣ በቁልቁለት ላይ ከሌባው ይልቅ አላፊ አግዳሚው ይጎዳል። እንዲሁም ሪሌው መስመሩ የሚጠይቀውን አምፔር የሚችል፣ የሽቦው መጋጠሚያም በቆርቆሮ የተበየደ መሆን አለበት፤ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ባለቤቱን በመንገድ መካከል ያስቀረዋል።

አላርም ሲመረጥ የባትሪው ነገር ይታሰብ። 20 ሚሊ አምፔር የሚስብ አላርም በቀን 0.48፣ በ30 ቀን 14.4 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። ይህም ከ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሲሶ ያህሉ ነው፤ መኪናው ለረጅም ጊዜ ሳይነዳ የሚቆም ከሆነ ባትሪው ይደክማል። ከዚህም ሌላ፣ በነፋስና በከባድ መኪና ድምፅ ሁሉ የሚጮኽ አላርም ጎረቤትን ያሰለቻል፤ እውነተኛው ሌባ በመጣ ጊዜም የሚሰማው አይገኝም።

ይሁን እንጂ አላርም ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ስፖኪዮ የሚፈታ ሌባ ሞተሩን አይፈልግምና ኢሞቢላይዘር አይመልሰውም። መኪናው የሚያድረው ዘበኛ ወይም ጎረቤት በሚሰማበት ቦታ ከሆነ አላርም ይጠቅማል።

በአጠቃላይ፣ ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው በመጀመሪያ ከውጭ የሚታይ የመሪ መቆለፊያ ብረት፣ ቀጥሎ በታመነ ባለሙያ የተገጠመ ስውር ማቋረጫ፣ በመጨረሻ ከተረፈው አላርም ቢገዛ የተሻለ ነው እንላለን። ውሻው መጮኹ መልካም ነው፤ በሩ መዘጋቱ ግን ይቀድማል።