ሆምስኩል ላሰበ ወላጅ፦ ልጁ መጀመሪያ ፕሪስኩል ይግባ?

ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት ማስተማር (ሆምስኩል) በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ የጥቂት ሰዎች ምርጫ መሆኑ ቀርቷል። የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በሰበሰበው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ሆምስኩል የሚያደርጉት 5.4 በመቶ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መኸር ላይ 11.1 በመቶ ደረሱ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ቁጥሩ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ነው የዘለለው።

ሐበሻ ወላጆችም ስለዚህ ነገር መጠያየቅ ይዘዋል። ጥያቄው ታዲያ የሚጀምረው ገና ልጁ ሦስት አራት ዓመት ሲሞላው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን ፕሪስኩል ሲያስመዘግብ ባልና ሚስት ይጨነቃሉ። ኋላ ቤት ልናስተምረው ከሆነ አሁን መላኩ ምን ይሠራለታል? ካልላክነውስ ወደ ኋላ አይቀርም?

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ስጋት በደንብ ይገባዋል። ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ ሳይል አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ገና ከጅምሩ እንደተቀደመ ነው የሚቆጠረው። አሜሪካ ውስጥ ግን ሕጉ በሦስትና በአራት ዓመት ልጅ ላይ ምንም ግዴታ አይጥልም። ቨርጂኒያ ውስጥ ግዴታው የሚጀምረው ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት ከሞላው ነው፤ ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ከስምንት ዓመት ነው። እስራኤልና ጀርመን ላሉ ወገኖች ነገሩ ሌላ ነው። እስራኤል ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ከሦስት ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ጀርመን ደግሞ ሆምስኩልን አትፈቅድም።

ፕሪስኩልን የሚደግፉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት አንድ ጥናት አለ። ሚሺጋን ውስጥ ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ጥቁር ሕፃናት በሁለት ተከፈሉ፤ 58ቱ ፔሪ የተባለው ፕሪስኩል ገቡ፣ 65ቱ አልገቡም። ተመራማሪዎቹ ልጆቹን ጎልማሳ እስኪሆኑ ተከታተሏቸው። ከገቡት 77 በመቶው ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርሱ፣ ካልገቡት የጨረሱት 60 በመቶ ናቸው። በገቢም ተሻሉ፣ በፖሊስ የተያዙትም ከእነሱ ያነሱ ነበሩ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ፕሪስኩሉ እንዴት ይሠራ እንደነበር ነው። ልጆቹ በቀን የሚቆዩት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነበር። አንዲት አስተማሪ የምትይዘው ስድስት ልጅ ያህል ነው። በየሳምንቱም አስተማሪዋ ቤት ድረስ እየሄደች ከእናትየውና ከልጁ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀመጥ ነበር። ይህን የመሰለ ፕሪስኩል ዛሬ በየሰፈሩ አይገኝም።

በቴነሲ ግዛት የተደረገ ሌላ ጥናት ውጤት ደግሞ ብዙዎችን አስደንግጧል። ግዛቱ በነፃ በሚሰጠው የአራት ዓመት ልጆች ፕሮግራም ቦታው ከአመልካቹ ስላነሰ ልጆቹ በዕጣ ተለዩ፤ 2,990 ሕፃናት ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ ገብተው የተማሩት ቀደሙ። ብልጫው ግን ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሪፖርት፣ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ዕጣው ወጥቶላቸው የገቡት ልጆች በፈተና ካልገቡት አንሰው፣ በሥነ ሥርዓት ችግር ደግሞ በልጠው ተገኙ። ቦስተን ውስጥ በዕጣ የተለዩ ከ4,000 በላይ ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ሌላ መልክ አሳየ፤ በፈተና ውጤት ላይ ለውጥ አልታየም፣ ኮሌጅ የገቡት ግን በዙ።

ሆምስኩል ያሰበ ወላጅ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። በሦስቱም ጥናቶች የተለካው፣ ትምህርት ቤት ገብተው የሚቀጥሉ ልጆች ውጤት ነው። ፕሪስኩል ያዘጋጃል ሲባል በአብዛኛው ከአንደኛ ክፍል በፊት ላለው ዓመት፣ ለኪንደርጋርተን፣ ማዘጋጀቱ ነው፤ ተሰልፎ መሄድ፣ እጅ አውጥቶ መናገር፣ ፊደል ለይቶ መድረስ። ቤት የሚማር ልጅ ይህን ሁሉ ለማሳየት የሚጠበቅበት ቀን የለም። ስለዚህ "ወደ ኋላ ይቀራል" የሚለው ስጋት ለእሱ እምብዛም አይሠራም። ለውሳኔው የሚቀሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ልጁ ከማን ጋር ይውላል? እናቱ ትንፋሽ ታገኛለች ወይ? ቀኑን ሙሉ የሚሰማውስ ምን ቋንቋ ነው?

የመጨረሻው ለእኛ ከባድ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ቤት አያት ከአዲስ አበባ መጥተው ሰንብተዋል። ልጁ ዴይኬር በጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አያቱ ፍርፍሩን አቅርበው "ና ብላ የኔ ጌታ" ሲሉት "ኖ፣ አይ ዶንት ዎንት ኢት" ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። አያት ወደ ልጃቸው ዞረው "ምን አለኝ?" አሉ። እናቲቱ "አልፈልግም ነው እማዬ" ብላ አስተረጎመች። ከሦስት ወር በፊት እኚሁ አያት ተረት ሲያወሩለት እየሳቀ "ከዚያስ?" የሚል ልጅ ነበር።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የካሊፎርኒያዋ ምሁር ሊሊ ዎንግ ፊልሞር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው ጥናት፣ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ከ1,000 በላይ ቤተሰቦች ተጠይቀው፣ ልጆች እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ፕሪስኩል ሲገቡ የቤታቸው ቋንቋ በፍጥነት እንደሚዳከም አሳይታለች። እንግሊዝኛው እዚያው አገር ላደገ ልጅ ከካርቱኑም፣ ከመጫወቻ ሜዳውም፣ ከጎረቤት ልጅም ይመጣል። አማርኛው ግን ከቤት ካልሆነ ከየት ይመጣል? ሦስትና አራት ዓመት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ የሚጠናበት፣ ተረቱ የሚገባበት ዕድሜ ነው። አያት ወይም አክስት ቤት ካለች፣ ወይም እናት አባት ሥራቸውን በፈረቃ አቀያይረው አንዳቸው ከልጁ ጋር መዋል ከቻሉ፣ ልጁ ቤት ቢቆይ ይሻለዋል ብሎ በልበ ሙሉነት መናገር ይቻላል።

ይህ ለሁሉም ቤት አይሠራም። ሌሊት ሆስፒታል ሠርታ ጠዋት የምትገባ እናት ልጅዋን ይዛ ባንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ስትውል፣ ልጁ ፊት ለፊቱ ስልክ ተደቅኖለት ነው የሚውለው። እንዲህ ላለ ቤት በሳምንት ሁለት ሦስት ግማሽ ቀን ፕሪስኩል ለእናትም ለልጅም በረከት ነው። እዚያ ውሎ ቤት መማር የሚከለክለው የለም። በዲሲ አካባቢ ሐበሻ እናቶች ፈቃድ አውጥተው ቤታቸው የሚያስተዳድሯቸው ዴይኬሮችም አሉ፤ አማርኛው እዚያም ይቀጥላል።

ልጁ ሦስት ዓመት ሞልቶት ሁለት ሦስት ቃል አያይዞ የማይናገር ከሆነ ግን ምርጫው እስኪወሰን መጠበቅ አያስፈልግም። በፌዴራል ሕግ መሠረት የአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተዳደር፣ ልጁ ተመዘገበም አልተመዘገበም፣ በነፃ ይመረምረዋል። ድጋፍ ያስፈልገዋል ከተባለም ከሦስት ዓመት ጀምሮ ፕሪስኩልን ጨምሮ በነፃ ያገኛል። ብዙ ወላጅ "ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው" እየተባለ ዝም ይላል። ሁለት ቋንቋ መስማት በራሱ የንግግር መዘግየት አያመጣም።

ፕሪስኩል የሚመርጥ ሰው የግድግዳውን ጌጥ ትቶ አንድ ጠዋት ክፍሉ ጥግ ቢቀመጥ ብዙ ያያል። አስተማሪዋ ልጆቹን ስታናግር ቁጭ ብላ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች ወይስ ከላይ ሆና ትዕዛዝ ታወርዳለች? ልጆቹ ውጭ ለስንት ሰዓት ይጫወታሉ? የሚያለቅሰውን ማን ያነሳዋል?

ቤት ለማስተማር የወሰነ የቨርጂኒያ ወላጅ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው ትምህርት ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ሴፕቴምበር 30 ላይ ስድስት ዓመት ካልሞላው ልጅ የዓመቱ መጨረሻ ማስረጃ አይጠየቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ማሳወቂያው ማስተማር ከመጀመሩ 15 ቀን ቀድሞ ይገባል። የአራት ዓመቱን ልጅ ፕሪስኩል ሞክሮ አልሆነም ብሎ በመሐል ማውጣትም ከሕግ ጋር አያጋጭም፤ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ለማስወጣት ስንት ሳምንት ቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግና ተቀማጩ ይመለስ እንደሆነ ነው።