የውሃ ውስጥ ጉዝጓዝ፦ ሣር መሰል ዕፀዋትን በአኳሪየም ስለ ማልማት



ለበዓል ቀጠማ ሲጎዘጎዝ ያላየ ሰው በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። የዛሬዋ ተክላችን የዚሁ የቀጠማ ዘመድ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ኤሊኦካሪስ አሲኩላሪስ ነው። ሣር ትምሰል እንጂ ሣር አይደለችም፤ ከሳይፐሬሲ ቤተሰብ ትመደባለች። ቅጠል የሚመስለን ቀጭን አረንጓዴ ክርም ግንዷ ነው።

የአኳሪየምን ወለል በለምለም መስክ የማልበስን ጥበብ በዓለም ዙሪያ ካስተዋወቁት መካከል ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ ይገኙበታል። ፎቶግራፎቻቸውን አይተው የሞከሩ ብዙዎች ግን ያተረፉት የገረጣ ቃጫ ነው።

ተክሉ ሲጠወልግ በመጀመሪያ የሚወቀሰው መብራቱ ነው። ባለቤቱ የበለጠ ኃይለኛ መብራት ይገዛል፤ ብዙም ሳይቆይ መስታወቱን ዋቅላሚ፣ ማለትም አልጌ፣ ይወርሰዋል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ተክል ለብርሃን አስተፃምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልገዋል። ይህ ጋዝ በረጋ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል አንሶ ነው። ከአየር ብቻ በሚያገኝ ውሃ ውስጥ ደግሞ መጠኑ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ነው። ካርቦን በሌለበት ብርሃን መጨመር ሊጥ ሳይኖር ምጣድ እንደ ማስማት ነው። በጥቂቱ የሚብቃቃው ዋቅላሚ በተክሉ ድካም ይጠቀማል።

ስለዚህ አልሚዎች ጋዙን ከሲሊንደር እየለቀቁ በሊትር እስከ 30 ሚሊግራም ያደርሱታል። ጭንቁ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ተክሉን የሚመግበው ጋዝ ዓሣውን ያፍናልና። ዓሣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በስንጥቡ በኩል የሚያስወግደው በደሙ ውስጥ ያለው መጠን በውሃው ካለው ስለሚበልጥ ነው። ውሃው በጋዙ ሲሞላ መውጫው ይጠባል፤ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፤ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል። ሌሊት ዕፀዋቱ ጋዙን መጠቀም ትተው እነርሱም ያስወጣሉ። እኔ አንድ ምሽት ቧንቧውን ሳልዘጋ ተኝቼ፣ በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ዓሦች ሞተው አግኝቻለሁ፤ የቀሩት ከውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋዙን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ዓሦች ወደ ገጽ ወጥተው ሲያለከልኩ ያየ ሰው መለኪያ ፍለጋ አይሂድ፤ ጋዙን ዘግቶ ውሃውን በአየር ፓምፕ ያናውጥ።

አተካከሉ ቀላል ነው። እስሩን ጥቂት ክሮች ወዳሉት ቁጥቋጦ ከፋፍሎ፣ በወረንጦ እየያዙ፣ በደቃቅ ጠጠር ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እያራራቁ መትከል ነው። ከመሬት በታች አግድም የሚሄደው ግንድ ክፍተቱን ይሞላዋል።

ለጀማሪ የምመርጠው መንገድ ግን ሌላ ነው። ይህች ተክል በተፈጥሮዋ ውሃ በሚመጣና በሚሸሽበት የሐይቅ ዳር ትኖራለች። እንግዲያው አኳሪየሙን ውሃ ሳይሞሉ፣ አፈሩን ብቻ አርሶ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ በየዕለቱ ለጥቂት ደቂቃ እያናፈሱ ለሳምንታት ማቆየት ይቻላል። ካርቦኑን ከአየር ታገኛለች፤ የሚታፈን ዓሣም የለም። ሥሯ ከያዘ በኋላ ውሃው በቀስታ ይሞላል። በአየር ላይ ያደጉት ክሮች ቢጫ ሲሆኑ መደንገጥ አይገባም፤ ከሥር ለውሃ የተዘጋጁ አዲሶች ይወጣሉ። ዓሦቹ የሚገቡት እነዚያ ከታዩ በኋላ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።