ተሸናፊው በማግስቱ የት ይቀመጣል?

በከተማ ምክር ቤት ምርጫ የተሸነፈ ዕጩ ብዙ አይወራለትም። ወሬው ሁሉ ካሸነፈው ጋር ይሄዳል፤ የተሸነፈው ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ሳይገነጠል ይረሳል። እኔ ግን የአንድ ምክር ቤት ጤንነት ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በተሸናፊው ዕጣ ነው እላለሁ። ጥቂትም ቢሆን መቀመጫ፣ አቤቱታውን የሚሰማ ዳኛ፣ ቀኑ የታወቀ ቀጣይ ምርጫ ያለው ሰው ሽንፈቱን ይቀበላል። እነዚህን ያጣ አንድም ይሰደዳል፣ አንድም ይሸፍታል፣ አንድም ፖለቲካን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። በሦስቱም መንገድ ከተማው ይጎዳል።

አዲስ አበባን እንይ። ግንቦት 7 ቀን 1997 በተካሄደው ምርጫ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። አገር ሲመራ የነበረው ኢሕአዴግ በዋና ከተማው ያለ ድምፅ ቀረ ማለት ይቻላል። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ቢሮው ሳይገቡ ቀሩ፤ በአገር አቀፉ ውጤት ላይ ውዝግቡ ከሮ፣ ፓርቲው አስተዳደሩን ሳይረከብ መሪዎቹ በ1998 መጀመሪያ ላይ ታሰሩ። ከተማዋ እስከ 2000 ምርጫ ድረስ በባላደራ አስተዳደር ቆየች። በሚያዝያ 2005 የአካባቢ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አገለሉ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ገዢው ፓርቲ ብልጽግና 138ቱንም አሸነፈ። ባለድሉ ሲቀያየር፣ የተሸናፊው ወንበር ግን በ1997 ከሞላ ጎደል፣ በ2013 ደግሞ ፈጽሞ ባዶ ነበር።

ይህ የሆነው በመራጩ ስሜት ብቻ አይደለም፤ የአቆጣጠሩ ሥርዓትም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ በ23 የምርጫ ክልሎች ተከፍላ እያንዳንዱ ክልል ስድስት ሰው ይልካል፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ስድስቱ ያልፋሉ። መራጩ በአብዛኛው ፓርቲውን አይቶ ስለሚመርጥ፣ በአንድ ክልል ከአሥር ሰው ስድስቱ አንዱን ፓርቲ ቢደግፉ ስድስቱም ወንበር የዚያው ይሆናል። የቀሩት አራት ሰዎች ድምፅ ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ ከዚያ ይቀበራል። ደቡብ አፍሪካ ይህን በሌላ መንገድ ፈታችው፤ የከተማ ምክር ቤቶቿ ግማሽ መቀመጫ በቀጠና፣ ግማሹ በፓርቲ ዝርዝር ተመጣጥኖ ይሞላል። በፈረንጆቹ 2016 የአገሪቱ ገዢ ፓርቲ ኤኤንሲ የጆሃንስበርግን ከንቲባነት ሲያጣ በምክር ቤቱ ብዙ ተወካዮች ነበሩት፤ በጀት ሲጸድቅ ተከራከሩ፣ ተቆጣጠሩ፣ በ2019 መጨረሻም ከንቲባነቱን በዚያው ምክር ቤት ድምፅ መልሰው አገኙ። ለመመለስ ወደ አደባባይም ወደ ጫካም መሄድ አላስፈለጋቸውም።

«የተጭበረበረ ምርጫን መቀበል ከአጭበርባሪው ጋር መተባበር ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ያየነው አለና። ሆኖም መልሱ በእጅ በሚያዝ ማስረጃ ላይ የሚቆም ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በቅጽ ተሞልቶ፣ ወኪሎች ፈርመውበት በምርጫ ጣቢያው ይለጠፋል። ይህን ወረቀት በየጣቢያው የሰበሰበ ፓርቲ በምርጫ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት እስከ ፍርድ ቤት ሊከራከር ይችላል። ያው ወረቀት የትኛው መንደር እንደደገፈው፣ የትኛው እንደራቀውም ይነግረዋል፤ የአንዱ መንደር ሰው የጎርፍ መውረጃ ሲጠይቅ የሌላው መብራት እየጠየቀ መሆኑን ያላወቀ ዕጩ በሚቀጥለውም አያሸንፍም። በ2013 ተቃዋሚው ኢዜማ ከ200 በላይ አቤቱታ አቅርቦ ውጤቱን ተቀብሏል። መሪው ዶክተር ብርሃኑ በተወዳደሩበት አልተመረጡም፤ ከወራት በኋላ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። አቤቱታውንም መቀበሉንም አከብራለሁ። ሹመቱ ግን የተቃዋሚን ወንበር አይተካም፤ ሚኒስትር የሾመውን መንግሥት ያገለግላል፣ የተቃዋሚ ተመራጭ ግን መንግሥትን ይጠይቃል።

«ተመጣጣኝ ውክልና ምክር ቤቱን ይከፋፍላል፣ ሥራ ያስተጓጉላል» የሚለውም ቀላል ክርክር አይደለም። ለአገር አቀፍ ፓርላማ ልንወያይበት እንችላለን። ከተማ ግን የሊዝ ቦታ፣ የመናኸሪያ፣ የቄራ፣ የውሃ መስመር ጉዳይ ነው፤ በእነዚህ ላይ ሁለት ሦስት ተቃዋሚ ቢጮህ የሚጓተት ሥራ ቢኖር እንኳ፣ ማንም ሳይጠይቅ ከሚባክን በጀት ያነሰ ጉዳት ነው።

ከዋና ከተማው ወጣ ስንል፣ ከማጀቴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው የይፋት ቆላ ነገሩ ይብሳል። በሰኔ 2013 ማጀቴ፣ ሸዋ ሮቢትና ኤፌሶን በጸጥታ ምክንያት ድምፅ ሳይሰጡ ከቀሩት የምርጫ ክልሎች መካከል ነበሩ፤ በዚያው ዓመት የዚሁ አካባቢ ከተማ አጣዬ ተቃጥላ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ምርጫም ከሚያዝያ 2005 ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ አልተደረገም፤ በ2010 መካሄድ ሲገባው ተራዘመ፣ ከዚያም እንደገና። ስለዚህ በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርተው ገበሬ ቀበሌውን የሚመራለትን ሰው በድምፁ መምረጥም ከወንበሩ ማውረድም አልቻለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ሰላም ሳይሰፍን ምርጫ እንደማይደረግ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰው ቅሬታውን በድምፅ የሚያወጣበት ቀን ካልተቆረጠለት ሰላሙም ሥር አይሰድም።

ስለዚህ የአካባቢ ምርጫ ቀን ሲነገር፣ የማጀቴም የሸዋ ሮቢትም ነዋሪ ዕጩዎችን «ካሸነፋችሁ ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይብቃው። «ከተሸነፋችሁስ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ እናያችኋለን ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሕግ አውጪዎችንም፣ ከአሥር ሰው አራቱ የመረጡት ፓርቲ ቢያንስ ጥቂት ወንበር የሚያገኝበትን ድንጋጌ ከምርጫው በፊት እንዲያወጡ አበክሮ ይጠይቃቸው።