የላስታ ንብና ትንሿ ዱባ

በጥቅምት ወር እኩሌታ ወደ ላሊበላ የወጣ መንገደኛ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በዐለቱ ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። እኛም እንደ ማንኛውም እንግዳ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ወደ ቤተ ማርያም፥ ከቤተ ማርያም ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ስንዞር ውለን ወደ ማታ ካረፍንበት ቤት ስንደርስ፥ የቤቱ እናት በሸክላ ድስት ወጥ ይዘው ቀረቡ። ወሩ የጽጌ ጾም ነው፤ ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም በዚያ ቤት የሚጾም እንጂ የሚጠይቅ የለም። ድስቱ ሲከፈት ዱባ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለን። በተማሪነታችን ዘመን የበላነው የዱባ ወጥ ውኃው ለብቻው፥ ቃጫው ለብቻው የሚቀርብ ስለ ነበረ፥ ከዚያ ወዲህ ዱባ ስናይ ፊታችንን ማዞር ልማድ አድርገነው ነበር። ይህኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ደረቅ ብሎ የሚሰባበር፥ እንደ ስኳር ድንች የሚጣፍጥ፥ ከበርበሬውና ከሽንኩርቱ ጋር ተስማምቶ የተቀመጠ ነው። ስኳር ተጨምሮበት ይሆን ብለን ብንጠይቅ እኒያ እናት ሳቁብን።

«ስኳር ከየት መጥቶ፥ ልጄ? ዘሩ ነው እንጂ።»

ተነሥተውም ከቆጡ ላይ አንዱን አውርደው በእጃችን ላይ አኖሩልን። ከሕፃን ራስ የማይበልጥ፥ ልጡ ጥቁር አረንጓዴ፥ ክብደቱ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። እንግዲህ ስለ ቤተ ክርስቲያኖቹ ብዙ የጻፉ ስላሉ፥ እኛ በዛሬው እሑድ ስለዚህች ዱባ ብንጽፍ አንባቢዎቻችን ይፈቅዱልናል ብለን እናምናለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር እናንሣ። ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ያን ዐለት ሲያስፈለፍል ከሠራተኞቹ መካከል የዱባ ወጥ የቀመሰ አንድም ሰው አልነበረም። ዱባ የአሜሪካ ተክል ነውና ወደ ቀረው ዓለም የተሻገረው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ካቋረጠ በኋላ ነው። በሜክሲኮ አገር ኦሃካ በሚባለው ክፍል በአንድ ዋሻ ውስጥ የተገኘው የዱባ ፍሬ ወደ 10,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ሲሆን፥ የሰው እጅ ያላመደው መሆኑን ሊቃውንቱ ከመጠኑ ለይተውታል። ወጡን ያቀላው በርበሬም የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ ነው። እንግዲህ የጥንት የአባቶቻችን ምግብ ነው ብለን የምንኮራበት የጾም ወጥ ዋና ዋናው ነገሩ ከዐለቱ ሕንፃ በብዙ ዘመን ያንሳል ማለት ነው። ቅል ግን የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ዱባ የሚለው ስም ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፥ በዐረብኛ ቀድሞ የሚጠራበት ቅሉ ነበር። እንግዳው ዱባ የባለአገሩን የቅልን ስም ወስዶ ተቀመጠ። ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል የተባለው ይህ ሳይደርስበት ይሆናል።

ለምን ትንሽ? ዱባ ሲያድግ ደስ ይላል፤ ፈረንጆች በውድድር ከ1,200 ኪሎ በላይ የሚመዝን አሳድገው በመኪና ያጓጉዛሉ። ያ ግን ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም። ለላስታ ደግሞ የመጠኑ ነገር የምርጫ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋም አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር አልፎ ቆሞአል። ዝናቡ በሰኔ መጨረሻ ገብቶ በመስከረም መጀመሪያ ይወጣል፤ የበልጉም ዝናብ አንድ ዓመት መጥቶ አንድ ዓመት ይቀራል። ትልቁ ዱባ እስኪበስል አራት ወር፥ በብርድ አገር ከዚያም በላይ ይፈልጋልና አፈሩ ደርቆ ውርጩ ሲደርስ ገና ለጋ ሆኖ ይገኛል። ለጋ ዱባ ደግሞ ያው በተማሪነታችን የምናውቀው ውኃ ነው። ትንሿ ግን በሞቃት ስፍራ በሦስት ወር፥ በደጋ በአራት ወር ገደማ ትጨርሳለች። በግንቦት እኩሌታ የተዘራችው በመስከረም እኩሌታ ትቆረጣለች ማለት ነው። ዝናቡ እስኪገባ ያለውን አርባ ቀን የምታልፈው በዕቃ ዕጣቢ ነው፤ ሳሙና የበዛበት ካልሆነ አይጎዳትም።

ሁለተኛው ምክንያት የቤተ ሰብ ነው። ትልቅ ዱባ የተከፈተ ዕለት ወይ ሃያ ሰው ይበላዋል ወይ በሦስተኛው ቀን ይበላሻል። ስለዚህ በአገራችን ዱባ የቆረጠች ሴት ግማሹን ለጎረቤት ትልካለች። በኪራይ ቤት ብቻውን የሚኖር፥ አንዲት ምድጃና አንዲት ድስት ያለችው ወጣት ሹም ግን ስምንት ኪሎ ዱባ ገዝቶ ምን ያደርገዋል? አንድ ወዳጃችን ይህን ሲሰማ «ትንሿ ዱባችሁማ የንፉግ ዱባ ናት፤ ጎረቤት አታውቅም» አለን። ነገሩ ከነከነን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አዘራሩ ለማንም አይከብድም። በጓሮው ውስጥ ፀሐይ የሚያየው ቦታ ላይ ጥልቀቱም ስፋቱም አንድ ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ በበሰለ ፍግና በአፈር መሙላት ነው። ትኩስ እበት ሥሩን ያቃጥላል። ሦስት ፍሬ ሁለት ጣት ያህል ጠልቆ ይዘራል፤ ሲበቅል ብርቱው ይቀራል፥ ሁለቱ ይነቀላሉ። በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል ሁለት ሜትር ይበቃል። ላስታ ድንጋይ የማይጠፋበት አገር ስለ ሆነ ሐረጉ በካቡ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ካቡ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳልና ተክሉን ከብርድ ይጠብቀዋል። ፍሬዋ ቀላል ስለ ሆነች ብትንጠለጠልም አትወድቅም። ሦስት አራት ፍሬ ከያዘ በኋላ የሐረጉን ጫፍ ቢቆርጡት ጉልበቱ ወደ ፍሬው ይመለሳል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው በአበባው ነው፤ እኛም ተሳስተናል። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ስንዘራ ቢጫ አበባ በቢጫ ላይ ሆነልንና ለጓደኞቻችን ድግስ እስከ መጥራት ደረስን። አበባው ሁሉ ረገፈ። ዘሩ መካን ነው ብለን የሸጠልንን ሰው ስናማ ከረምን። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ እንደሚያወጣ፥ ወንዴው ከአንድ ሳምንት በላይ ቀድሞ እንደሚፈነዳ አናውቅም ነበር። ሴቴዋን መለየት ቀላል ነው፤ ከአበባዋ ሥር ገና ከመፈንዳቷ በፊት አውራ ጣት የምታህል ዱባ ይዛ ትታያለች። የምትከፈተውም አንድ ጠዋት ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት ንብ ከወንዴው ዱቄት ካላመጣላት ትንሿ ፍሬ ቢጫ ሆና ትወድቃለች።

ላስታ ደግሞ የንብ አገር ነው። የንጉሡ ስም ራሱ፥ ሲወለድ በንብ መንጋ ከመከበቡ የተነሣ፥ ንቦች ጌትነቱን ዐወቁለት ማለት እንደ ሆነ ከታሪኩ እንሰማለን። በብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማራቸውም ለፈውስ ይፈለጋል። ሆኖም በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ሲወርድ ንብ ከቀፎው አይወጣም። ያን ጊዜ ሰው የንብን ሥራ ይሠራል፤ ወንዴውን ቆርጦ፥ ቅጠሉን ገፍፎ፥ ዱቄቱን በሴቴዋ መካከል ቀባ ቀባ ማድረግ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከሆነ ይይዛል። ቢሮ ለሚገባ ሰውም ይመቻል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደርሰናል። በሁለተኛው ዓመት ከገበያ ያገኘናትን አንዲት ጣፋጭ ትንሽ ዱባ በልተን ዘሯን አስቀረን፤ ዘራነው፤ የበቀለው ግን ትልቅ፥ ቃጫ የሞላበት፥ ጣዕም የለሽ ሆነ። ምን ደረሰባት? ዱባዋ ባደገችበት ጓሮ አጠገብ ሌላ ዱባ ነበረ፤ ንብ የአንዱን ዱቄት ለሌላው አመጣ። ይህ መደባለቅ በዚያው ዓመት ፍሬ ላይ አይታይም፤ ሥጋው የእናቲቱ ነውና እንደ ወትሮው ይጣፍጣል። የሚወጣው በሚመጣው ዓመት በዘሩ ነው። ንብ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር አጥር አያግደውም። በዚህ ዓይነት ለብዙ ትውልድ የተጠበቀ ጣፋጭ ዘር በአንድ ክረምት ሊበላሽ ይችላል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው ዓመት ዘግይቶ ነው።

እርግጥ ሁሉም ዱባ ከሁሉም ጋር አይደባለቅም። በየጓሮው የሚታዩት ዱባዎች ሦስት ወገን ናቸው፤ የሚለዩትም በእንብርታቸው ሳይሆን በጉንዳቸው ነው። ጉንዱ ክብ ሆኖ እንደ ቡሽ የለሰለሰው አንድ ወገን፥ ጠንካራና ባለ አምስት ሸንተረር የሆነው ሁለተኛ፥ ከፍሬው ጋር ሲገናኝ እንደ ዶሮ እግር የሚዘረጋው ሦስተኛ ነው። ጃፓኖች ካቦቻ የሚሏት ትንሽ ጣፋጭ ዱባ ከመጀመሪያው ወገን ናት፤ ያን ስም ያገኘችውም ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዓመት ከካምቦዲያ አምጥተዋታል ተብሎ ነው። የጎረቤት ዱባ ጉንዱ የተለየ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም፤ ጉንዱ አንድ ከሆነ ግን ያሰጋል። ከቅል ጋር ይደባለቃል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። የቅል አበባ ነጭ ሆኖ ወደ ማታ ይፈነዳል፤ የዱባው ቢጫ ሆኖ በጠዋት ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ያለው ሰው በጓሮው ውስጥ ሲመሽም ሲነጋም የቆመ መሆን አለበት።

በትምህርት ቤት የሚነገረው መድኃኒት አበባን ማሰር ነው። ነገ የሚፈነዱትን አንድ ወንዴና አንዲት ሴቴ ከመምሸቱ በፊት በክር አስሮ፥ ጠዋት ፈቶ፥ በእጅ አገናኝቶ፥ መልሶ ማሰር፤ በዚያች ፍሬ ላይም ምልክት አድርጎ ለዘር ማቆየት ነው። ይህንኑ ለእኒያ እናት በኩራት ብናስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙንና፤

«አበባ በክር ታስራላችሁ? በዚህ አገር? ንቡ ምን ይለናል?» አሉ።

«ታዲያ እርስዎ እንዴት አድርገው ጠበቁት፥ እማማ?»

«እኔማ ለጎረቤቶቼ ሰጠኋቸው። ከላይም ከታችም ያሉት ከእኔው ዘር ነው የሚዘሩ። ንቡ ከየትም ቢያመጣ ያው የኔው ነው።»

እኛም ዲግሪያችንን በኪሳችን እንደ ያዝን ዝም አልን። ያ ወዳጃችን የንፉግ ዱባ ያላት፥ ሳትሰጥ የማትኖር ሆና ተገኘች።

ይህች ዱባ በዚያ ቤት የጨዋታ ነገር አልነበረችም። ላሊበላ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ የእንግዳን እግር አቋረጠ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ መጣ፤ መብራት ጠፋ፥ ባንክ ተዘጋ። እኒያ እናት ስለዚያ ወራት ብዙ መናገር አይወዱም። «ያን ጊዜ ገበያ አልነበረም፤ ዱባው ነበረ» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ተሻገሩ። ከቆረጡ በኋላ ጉንዱን አራት ጣት ያህል አስቀርተው፥ ዐሥር ቀን ያህል ፀሐይ አስመትተው በቆጥ ላይ ካስቀመጡት ለወራት ይቆያል። እንዲያውም በመጀመሪያው ወር ውስጥ ገንፎነቱ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ጣዕሙ ይጨምራል፤ በተቆረጠ ማግሥት የሚበላ ሰው ግማሹን ጣዕም ሳያገኝ ይቀራል።

ስለ ጤናም ጥቂት እንበል። ሥጋው ብርቱካናማ የሆነው ካሮቲን ስላለበት ነው፤ ሰውነታችን ይህን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። የእርሱ እጥረት ዳፍንት ያመጣል፤ የሚጠቁትም ይልቁን ሕፃናት ናቸው። በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ቅቤ፥ ወተትና እንቁላል ለሚተው ጾመኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካሮቲን ያለ ቅባት ስለማይዋሐድ በዘይት መቁላላቱ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስንሰናበት እኒያ እናት ከግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ቅል አወረዱ። በአመድ የታሸ የዱባ ፍሬ ከውስጧ አፍስሰው ዐሥራ አንድ ቆጥረው በወረቀት ጠቀለሉልን። በደረቅ ስፍራ አራት ዓመት ያህል እንደሚቆይ፥ ከዚያ በኋላ ግን ተስፋ እንዳናደርግበት አስጠነቀቁን።

አዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ ሦስቱን ጎረቤቶቻችንን አነጋግረናል። አንዷ ፍሬውን ወዲያው ተቀበሉን። ሁለተኛው ዱባ አይዘሩም፤ ባይዘሩም ይበቃናል። ሦስተኛው ግን ባለፈው ክረምት ከአጥራችን ላይ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ያወረዱ ሰው ናቸው፤ ጉንዱን ስናየው ክብና ለስላሳ ነው። ሦስት ፍሬ ብንሰጣቸው በመዳፋቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ይቺማ ለማን ትበቃለች?» ብለው መለሱልን። በሚያዝያ አንዲቱን አብስለን ይዘን እንሄዳለን ብለናል፤ እስከዚያው ክሩንም ገዝተን አስቀምጠናል።