ወንበርና ልብ

የጤናማ ጎልማሳ ልብ ሰውየው ባረፈበት ሰዓት በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ሲራመድ ወይም ደረጃ ሲወጣ መጠኑ ይጨምራል፤ ልብም እንደ ሌላው ጡንቻ በሥራ ይጠነክራል። ቀኑን ተቀምጦ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ ይህ ልምምድ ይቀርበታል።

ነገሩ ጎልቶ የታየው ለንደን ውስጥ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አነጻጸሩ። ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ በፎቆቹ መካከል ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም የበዛው በሾፌሮቹ ላይ ነበር። በኋላ የደንብ ልብሳቸው ልክ ሲመረመር ሾፌሮቹ ወገበ ሰፊ ሆነው ስለተገኙ፣ ጥፋቱን ሁሉ በመቀመጥ ላይ ብቻ መጣል አልተቻለም። ይሁን እንጂ ተከትለው የመጡ ብዙ ጥናቶች የእንቅስቃሴን ጥቅም አጽንተዋል።

ሰው ሲቀመጥ ትልልቆቹ የጭንና የባት ጡንቻዎች ሥራ ይፈታሉ። በደም ውስጥ ያለው ስኳርና ስብ ቶሎ አይቃጠልም፤ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውም ደም ይዘገያል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የክብደት መጨመር፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ይከተላሉ።

ውጥረት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይከፋል። በውጥረት ጊዜ የሚመነጨው አድሬናሊን የልብን ምት ያፈጥናል፤ ኮርቲሶል በደም ውስጥ ስኳር ይጨምራል። ሁለቱም አካልን ለሩጫ ወይም ለትግል የሚያዘጋጁ ናቸው፤ የቢሮ ሰው ግን አይሮጥም፣ አይታገልም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የብሪታንያ መንግሥት ሠራተኞች ጥናት በልብ ሕመም አብዝተው የሞቱት አለቆቹ ሳይሆኑ የበታቾቹ መሆናቸውን አሳይቷል። ቆይቶ የተደረገ ጥናትም በገዛ ሥራ ላይ የመወሰን ዕድል ማጣትን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎታል። የሥራ ሰዓት ርዝመትም የራሱ ድርሻ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ ይበልጣል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ለጎልማሶች የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን ማለት ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ሊፍቱን ትቶ በደረጃ መውጣት፣ ስልክን ቆሞ ማነጋገር፣ ምሳን ከሥራ ጠረጴዛ ርቆ መብላት ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ ያድናሉ። የጨው ልክ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ በርበሬው፣ ሽሮውና ዳቦው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። በሻይና በማክያቶ የሚገባውን ስኳር መቀነስ፣ ሲጋራን መተው፣ በቂ እንቅልፍ መተኛትም ልብን ያግዛል። ለመንቃት ሲባል የሚቃመው ጫት በአንጻሩ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ደጋግሞ 140/90ና ከዚያ በላይ የሚመጣ ልኬት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣ ደግሞ «ጨጓራ ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ ሕይወት ያተርፋል።